ሁለት ወታደር የቀረው ጓድ

ኅዳር 19 ቀን 2008፣ እሑድ

ጠላቴ ዛሬ ቅዳሴ ሳይወጣ ደረሰ። ጠላቴ የምለው ዲሪርሳን ነው። ሱሉልታ ፊዚክስ ያስተምራል፤ እሑድ እሑድ ግን ታክሲ እየቀያየረ ቡራዩ ድረስ መጥቶ የእኔን ሠራዊት መደምሰስ ነው ሥራው። ወታደሮቹን እሱ ከጄሶ ያወጣቸዋል፣ እኔ እቀባቸዋለሁ። ታፔላ ጻፊ ስለሆንኩ ቀለም አይቸግረኝም፤ ከፀጉር ቤትና ከሥጋ ቤት ታፔላ የተረፈው ለሁለት ሠራዊት ልብስ ይበቃል። ሰማያዊዎቹ የእኔ ናቸው፣ ቀዮቹ የእሱ። የጦር ሜዳው የምግብ ጠረጴዛችን ነው። አረንጓዴ ብርድ ልብስ እናለብሰዋለን፤ ከሥሩ መጽሐፍ ስናስገባ ኮረብታ ይሆናል፣ ከላይ የሻሽ ቁራጭ ስንዘረጋ ወንዝ።

እማዬ እንደ ልማዷ "አርባ ዓመት የሞላው ሰው በአሻንጉሊት ሲጣላ እግዜር ምን ይላል?" ብላ ሽሮዋን አቀረበችልንና ወደ ጓዳ ገባች። በር ላይ ጫማውን አውልቆ እንዲገባ ታዘዋለች፤ ከዚያ ደግሞ ካልሲው ተቀዷል ብላ ታማዋለች።

ዛሬ የተጣላነው በጓድ ሕግ ነው። ሕጉን ከኢንተርኔት ቤት አሳትሞ ያመጣው እሱ ነው፣ ወደ አማርኛ የመለስነው አብረን። ጓድ ጓድ የሚባለው አብሮ ሲቆም ነው ይላል። ማንም ወታደር ከባልንጀራው ከሁለት ጣት በላይ መራቅ የለበትም። (የማን ጣት? በዚህ ብቻ አንድ ክረምት ተጨቃጭቀናል። የእሱ ጣት የእኔን ሁለት ሊያክል ምንም አይቀረው። በመጨረሻ በእኔ ጣት ሆነ፣ ስለጮህኩ።) ከዚያ በላይ ከራቁ ጓዱ ተበትኗል። የተበተነ ጓድ አይተኩስም፣ ድልድይ አይይዝም፣ ምንም አይሠራም፤ መጀመሪያ ይሰበሰባል። ሲሰበሰብም ጥቂቶቹ ወደ ብዙዎቹ ይሄዳሉ።

ጥሩ ሕግ ነው። ዛሬ ግን አንደኛው ጓዴ አልቆ አልቆ ሁለት ሰው ብቻ ቀረው። አንዱ ድልድዩን ተሻግሮ የቀዮቹ መድፍ አፍ ሥር ቆሟል፤ ሌላው እዚህ በእኔ በኩል ኮረብታው ላይ ነው። ከሁለቱ ጥቂቱ የትኛው፣ ብዙው የትኛው? ወረቀቱ ምንም አይልም።

"እሳት ውስጥ ያለው ወደ ደህናው ይመለስ" አልኩ። "ሌላ ሰው ደግሞ እሳት ውስጥ ለምን ይገባል?"

"ደህናው ወደ ተቸገረው ይሂድ እንጂ" አለ። "ጓደኛው እኮ ነው። ኮረብታ ላይ ቁጭ ብሎ ና ይለዋል?"

"አዎ፣ ሁለቱንም መድፍህ ፊት ላቁምልህ! ብልጥ።"

ሳቀ። ሲስቅ ጠረጴዛውን ይደገፋል፤ ኮረብታው ላይ የነበረው ወታደሬ ወደቀ። ሳንስማማ መሸ።

በር ላይ ጫማውን እያሰረ "ማሪቱ፣ ለእሑድ የምነግርሽ ነገር አለ" አለኝ። አሁን ንገረኝ ብለው "አይ፣ ለእሑድ" አለ። ስለ ጓዱ ሕግ ይሆናል። ሌላ ምን ይኖራል።

ኅዳር 22፣ ረቡዕ

የሥጋ ቤቱን ታፔላ ጨረስኩ። በሬው ፍየል መሰለብኝ። "በጾም የተሳለ በሬ ይከሳል" አልኩት ባለቤቱን፤ ሳቀና ተቀበለኝ። ከሥራ ጋዋኔ ላይ አረንጓዴው ቁልፍ የለም። ቤቱን ሁሉ ገለባበጥኩ።

ሊነግረኝ ያሰበው ምን ይሆን? ወይ ዝውውር አግኝቷል፣ ወይ ፈረሰኛ ሊጨምር ፈልጓል። ፈረሰኛ ከሆነ አልፈቅድም። ዝውውር ከሆነ ደግሞ የራሱ ጉዳይ።

ኅዳር 26፣ እሑድ

አልመጣም። ከጠዋት ጀምሮ አስፋልቱ ላይ ጎማ ይነድዳል፣ ታክሲ የለም። ተማሪዎቹ ማስተር ፕላኑን ተቃውመው ወጥተዋል፤ አዲስ አበባ ወደኛ ከተሞች ስትሰፋ ገበሬው ከመሬቱ ይነቀላል ነው የሚሉት። ሱሉልታም ሰበታም እንደዚሁ ነው ይባላል።

ደወለ። "ናጋዳ፣ እኛ ጋ ሰላም ነው" አለኝ። ከጀርባው የብዙ ሰው ጩኸት ይሰማል። ምንድን ነው ስለው "ላሞች ናቸው፣ የደራርቱ ላሞች" አለ። ደራርቱ እህቱ ናት፤ አብረው ነው የሚኖሩት፣ ወተት ትሸጣለች። ላም መፈክር ታሰማለች እንዴ? እኔም "እኛም ሰላም ነን" አልኩት። ያኔ እማዬ መስኮቱን በፍራሽ እየደፈነች ነበር።

ጠረጴዛውን አላነሳሁትም። እማዬ ትሪዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በላች፤ እየበላች ረገመችን።

ታኅሣሥ 1፣ ዓርብ

ኦቦ መገርሳ መጡ። ገፈርሳ፣ ግድቡ አጠገብ የሚያርሱ፣ የአባቴ ወዳጅ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ማሳቸው ላይ የሚተክሉት ታፔላ ፈልገው ነው።

"'ማሳን ኩን አባ ቀባ' በይልኝ። ከሥሩም በአማርኛ 'ይህ ማሳ ባለቤት አለው'።"

"ኦቦ፣ መሬት ወሳጆቹን ታፔላ ያቆማቸዋል ብለው ነው?"

"አያቆማቸውም። ግን አላወቅንም እንዳይሉ።"

ቀለሙ እስኪደርቅ ጠረጴዛው ዙሪያ እየዞሩ አዩ። ብቻውን ድልድዩ ማዶ የቆመውን ሰማያዊ ወታደር በከዘራቸው ጫፍ አሳዩኝና ይህ ምን አጥፍቶ ነው አሉ። ነገሩን አስረዳኋቸው።

"ሁለት ብቻ ናቸው? ሁለት ሆነው ከተለያዩማ አንዳቸው ሰነፍ ነው" አሉ፤ ታፔላቸውን ተሸክመው ሄዱ።

ስለ ጄሶ ወታደር ነው ያወሩት። ፊቴ ለምን እንደጋለ አላውቅም።

ታኅሣሥ 3፣ እሑድ

በስልክ ተዋጋን! የእሱ ሐሳብ ነው። እሱ ያዝዛል፣ እኔ ሁለቱንም ሠራዊት አንቀሳቅሳለሁ።

"መድፌን ሁለት ጣት ወደ ግራ።"

"በማን ጣት?"

"በአንቺ። ሕግ ሕግ ነው።"

የጠላቴን ሠራዊት በገዛ እጄ በራሴ ላይ አዘመትኩ፤ አንዲት ጣት እንኳ አላጭበረበርኩም። የሚገርመው የእያንዳንዱን ወታደር ቦታ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። "ከወንዙ ወዲህ ያለው ሦስተኛው ቀይ ፊቱን ወዴት አዙሯል?" ብሎ ይፈትነኛል። ሳታይ እንዴት ታስታውሳለህ ብለው "በጭንቅላቴ ነው" አለ። መምህር ሲኮራ ደስ አይልም። ደግሞም ደስ ይላል። እማዬ በበሩ ቀዳዳ ስታየን ነበር፤ "አሁንስ ለየላት፣ ከስልክ ጋር ትዋጋለች" ስትል ሰማኋት።

ሁለቱን ሰዎች ግን አልነካናቸውም። ክርክሩ አላለቀም።

ታኅሣሥ 7፣ ሐሙስ

ተኩስ። ሩቅ ነው። ሩቅ ነበር። ሱቁ ሁሉ ዝግ። እማዬ ዳዊት ትደግማለች። የጎረቤታችን ልጅ ሊቤ ከጠዋት የወጣች እስካሁን አልገባችም።

ደወለ። ሰላም ነን አልኩት።

ታኅሣሥ 8፣ ዓርብ

ሊቤ ገባች! ሰው ሲሮጥ አብራ ሮጣ፣ የአንዲት የማታውቃት ሴትዮ በረት ውስጥ አድራ መጣች። ጭድ በጭድ ሆናለች። እናቷ መጀመሪያ በጥፊ መታቻት፣ ከዚያ አቅፋ አለቀሰች። እኛም አለቀስን፣ ከዚያ ሽሮ በላን። ከላይኛው ሰፈር ትናንት ታፍሰው የተወሰዱት ልጆች ግን አልተመለሱም።

ታኅሣሥ 10፣ እሑድ

ዛሬም በስልክ። ሦስት ቀዮች ጣልኩበት፣ እሱ ከእኔ አምስት። መጨረሻ ላይ እንደዋዛ "ያ የምትነግረኝ ነገርስ?" አልኩት።

"በስልክ አይሆንም።"

"ስለ ጓዱ ሕግ ነው?"

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"አዎ" አለ። "ስለ ጓዱ ነው።"

እሺ ብዬ ዘጋሁ። ስለ ጓዱ ከሆነ በስልክ ለምን አይሆንም? ሕግ አይደል እንዴ? በቃ ዝውውር ነው። ደብዳቤው ደርሶታል፣ መናገር ከብዶታል።

ታኅሣሥ 17፣ እሑድ

ዛሬ አልተጫወትንም። እሱ ደወለ፣ እኔ ነኝ አልጫወትም ያልኩት። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ከልጆቻቸው አንዱ የተወሰደባቸው እናት አጠገቤ ቆመው ነበር፤ ነጠላቸውን ነክሰው ነው ያስቀደሱት። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ድልድዩን እንዴት እንደምይዝ ሳስብ ራሴን ያዝኩት። አፈርኩ። የእውነቱ ጎማ በር ላይ እየነደደ የጄሶ መድፍ ማዞር ምን ይሉታል?

ይህንን ነገርኩት። እሱም "እኔም አስቤዋለሁ" አለ። "ግን ማሪቱ፣ ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ገብቼ ባዶ ወንበር ነው የማየው። እሑድ የሆነ ሰው 'ብልጥ! አጭበርባሪ!' ብሎ ሲጮህብኝ ሰው እሆናለሁ።"

ብልጥ አልኩት። አጭበርባሪ አልኩት። ሳቀ። ከዘጋሁ በኋላ ወታደሮቹን አቧራ ጠረግኩላቸው።

እሱ ጋ ሰላም ነው ይላል። እውነት ሰላም ከሆነ ለምን አይመጣም? ሕጌ ግልጽ ነው፤ የተቸገረው ወደ ደህናው ይመጣል። አልተቸገርኩም የሚል ሰው ደግሞ አይመጣም። እኔም አልተቸገርኩም። እንዲህ ሆነን ቀረን።

ታኅሣሥ 24፣ እሑድ

እማዬ ጦርነት አወጀች። "ለገና ጠረጴዛዬን እፈልጋለሁ! ከዳር እስከ ዳር! ወንዙንም ኮረብታውንም አንሺልኝ!"

"እማዬ፣ ካነሳሁት ቦታው ይጠፋል።"

"ይጥፋ! ከመጣ እንደገና ትደረድሩታላችሁ።"

"ከመጣስ ማለት ምንድን ነው?" አልኳት። እማዬ ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያ ሽንኩርቷን ወደ መክተፍ ተመለሰች።

ታኅሣሥ 28፣ ገና

በምን እንደበላን ልጻፍ። ለፀጉር ቤት የሠራሁትን ትልቅ ታፔላ በሁለት የቀለም በርሜል ላይ አጋደምነው፤ ዶሮ ወጡ በሥዕሏ ሴትዮ ግንባር ላይ፣ አይቡ በተሠራው ፀጉሯ ላይ ዋለ። ሐሳቡን ያመጣችው እማዬ ናት! ጠረጴዛውን አልነካችውም። ኦቦ መገርሳ መጥተው እማዬን "አዴ ጠጅቱ፣ ዘንድሮ ከሴት ላይ አበላሽን" ብለው እስኪያንቃቸው ሳቁ። ሊቤና እናቷም መጡ። እንዲህ ያለ ገና አላስታውስም፤ ቤቱ ሞላ።

ከጠዋት ጀምሮ እንኳን አደረሰህ ልለው እደውላለሁ። አይጠራም። ያቺ የስልክ ሴትዮ ብቻ፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም። እደውላለሁ። ማግኘት አይችሉም። ምን አገባት?

ታኅሣሥ 29፣ ዓርብ

ኔትወርክ የለም። ከአስኮ የመጣው የሚኒባስ ረዳት ለሰው ሁሉ "ሱሉልታ ነዷል" እያለ ይናገራል። ማን ነገረህ? ሰው። የትኛው ሰው? ሰው ነዋ።

እማዬ ወሬ ነው ትላለች። ወሬ ሊሆን ይችላል። ላሞች ናቸው ያለኝ ለካ ላሞች አልነበሩም። ለካ ሰላም አልነበረም። ማወቅ ነበረብኝ፣ እኔም እኮ ፍራሽ መስኮት ላይ ለጥፌ ነው ሰላም ነው ስለው የከረምኩት።

ታኅሣሥ 30፣ ቅዳሜ

ታክሲ ነገ ይሠራል አሉ። እሄዳለሁ። ሕጌን ትቼዋለሁ። ደህናው ወደ ተቸገረው ይሂድ፤ እሺ፤ አሸነፍክ።

ለእማዬ "ነገ ቀለም ልገዛ አዲስ አበባ እወርዳለሁ" አልኳት። "በእሑድ?" አለች። አዎ አልኳት። ተነስታ ጋቢዋን አመጣችና ጭኔ ላይ ጣለችው። "ያዢ። ሱሉልታ ይበርዳል።"

ጥር 1 ቀን 2008፣ እሑድ፤ ሱሉልታ

ይህን የምጽፈው በጠላቴ ቤት፣ በጠላቴ ክፍል ውስጥ ነው። ጠላቴ የለም። የት እንዳለ ስጽፈው ራሴን ሳቅ ይይዘኛል።

ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ ዊንጌት፣ ከዚያ አዲሱ ገበያ። አዲሱ ገበያ ላይ ሚኒባሱ እስኪሞላ የቀረውን ወንበር ስቆጥር ቆየሁ። ጋራውን ስንወጣ ጭስ ፈለግሁ፤ ያየሁት ጭስ ከጎጆዎች የሚወጣ የቁርስ ጭስ ነው። ሱሉልታ አልነደደችም። የቆመ መኪና፣ የተዘጋ ሱቅ፣ ጥግ ጥግ ይዞ የሚሄድ ሰው አየሁ፤ ልክ እንደኛው ቡራዩ ናት። ወተት የሚሸጡት ደራርቱ ጋ ብዬ ጠየቅሁ፤ አንድ ሰው አሳየኝ።

ደራርቱ እያለበች ነበር። ስታየኝ ባልዲውን አስቀመጠችና ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ያ ዋቃ! ማሪቱ ነሽ አይደል? እሱ እኮ አንቺ ጋ ሄደ!"

"የት ሄደ?"

"ቡራዩ! ቡራዩ ነዷል ብለውት ሌሊቱን ሙሉ ሲንቆራጠጥ አድሮ፣ ገና ሳይነጋ ወጣ።"

"ቡራዩማ ሰላም ነው! ነዷል የተባለው ሱሉልታ ነው!"

"ሱሉልታ? እኔ ላም እያለብኩ?"

ተያየን። ከዚያ እሷ ጀመረችው፣ እኔ ተከተልኳት፤ ላሟ እስክትበረግግ ሳቅን። አዲሱ ገበያ ላይ፣ እሱ ከአንዱ ሚኒባስ ሲወርድ እኔ በሌላው ስሳፈር፣ ትከሻ ለትከሻ ሳንነካካ አልቀረንም። የጓድ ሕግ አዋቂዎች!

ከሰዓት በኋላ ታክሲ ቆመ፣ ስልክም የለም። ደራርቱ "ኮቱ፣ ነይ፣ እዚህ ታድሪያለሽ" ብላ ትኩስ ወተት አጠጣችኝና የእሱን ክፍል ከፈተችልኝ። "ይቅርታ፣ ያንን ነገር አትንካብኝ ስለሚል አልጠርገውም" አለችኝ።

ያ ነገር ጠረጴዛ ነው። አረንጓዴ ብርድ ልብስ ለብሷል። ኮረብታው ኮረብታዬ ነው፣ ወንዙም ወንዜ። በጭንቅላቴ ነው ያለኝ ውሸታም! ወታደሮቹ በቆሎና ባቄላ ናቸው፤ ባቄላው እሱ፣ በቆሎው እኔ፤ እያንዳንዱ በስልክ ያዘዘኝ ቦታ ላይ ተተክሏል። ሁለቱ ብቻ በቆሎ አይደሉም። ኮረብታው ላይ የቆመው የሸሚዝ ነጭ ቁልፍ ነው። ድልድዩ ማዶ፣ መድፉ አፍ ሥር ያለው ደግሞ ከጋዋኔ ላይ የጠፋው አረንጓዴ ቁልፌ።

"ሌባ!" አልኩ ጮክ ብዬ። ደራርቱ ከውጭ "ምን ሆንሽ?" አለች። ምንም አልሆንኩም አልኳት።

ደስ አለኝ። ልደብቀው አልችልም፣ ለማን ብዬ እደብቀዋለሁ። ስንት እሑድ ጠላቴ ጠላቴ ስል ኖርኩ። ይህ ሰው እሳት ሥር ያለሁት እኔ ነኝ ብሎ ከኅዳር ጀምሮ ሲጨነቅ ከርሟል፤ እኔ ደግሞ ፈረሰኛ እንዳይጨምርብኝ እፈራለሁ። እወደዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ቀለሙ እስኪደርቅ ገጹን አልዘጋውም።

ቁልፎቹን ላገናኛቸው እጄን ዘርግቼ ነበር። ተውኩት። ተራው የእሱ ነው።

ጥር 2፣ ሰኞ

ጠዋት ከደራርቱ ጋር ጉባኤ ተቀመጥን። እኔ ወደ ቡራዩ ብሄድ እሱ ወደዚህ ቢመለስስ? "አንዳችሁ ቁጭ በሉ!" አለች። "እሱ ቁጭ አይልም" አልኳት። "አንቺስ?" እኔም አልልም። የእማዬን ጋቢ ለብሼ ተነሳሁ።

በሚመጣው ሚኒባስ ሁሉ መስኮት አንገቴን እያሰገግኩ ሄድኩ። አንዱ ሾፌር ዕብድ መስዬው ጥሩንባ ነፋብኝ።

ቤት ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት በሩን ነው። ጫማው የለም። እማዬ ጫማ ሳያወልቅ አታስገባውም፤ ካለ በር ላይ መኖር አለበት። የለም። ሄዷል። እዚያው ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ፣ እንባዬ መጣ። ደግመን ተላለፍን፣ አሁን ሱሉልታ ደርሶ ደራርቱ ሄደች ስትለው ይታየኛል፤ ከዚያ ይመለሳል፣ እኔ እሄዳለሁ፣ እንዲህ ስንል እናረጃለን ብዬ አሰብኩ።

ያኔ ከውስጥ የእማዬ ድምፅ ጮኸ።

"ተበትኗል! ያ ቀይህ ተበትኗል፣ አይተኩስም! ለካው፣ በልጄ ጣት ለካው!"

ዘልዬ ገባሁ። እማዬ በእኔ ወንበር ተቀምጣ ሰማያዊውን ሠራዊት ታዝዛለች። ፊት ለፊቷ ዲሪርሳ፤ እግሩ ላይ የእማዬን ሮዝ ነጠላ ጫማ አጥልቋል፣ ተረከዙ ሙሉ በሙሉ ውጭ ነው።

"ጫማውን ደብቄበታለሁ" አለች እማዬ ዘወር እንኳ ሳትል። "ትናንት ስትላለፉ ገባኝ። ዛሬ በማለዳ ሊነሳ ሲል ልጄ ትመጣለች፣ ንቅንቅ የለም አልኩት። እምቢ ሲለኝ ደበቅኩት። በሮዝ ጫማ ደግሞ አዲሱ ገበያ አይሄድም።"

"እማማ፣ ፈረዱብኝ እኮ" አለ ዲሪርሳ፤ ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነው።

"ሱሉልታ ነዷል አሉኝ" አልኩት።

"እኔንም ቡራዩ ነዷል አሉኝ።"

"ሰላም ነው ትለኝ አልነበር?"

"አንቺስ? ከጀርባሽ ስንት ጊዜ ተኩስ ሰማሁ መሰለሽ። በር ነው ትዪኛለሽ።"

"የእናንተ ላሞችስ መፈክር ያሰሙ የለ!"

እማዬ ተነሳች። "ወጥ አርሮብኛል" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ወጥ አልተጣደም ነበር። በሩንም አልዘጋችውም።

"ለእሑድ ያልኩሽ ነገር..." አለ።

"ዛሬ ሰኞ ነው።"

"ሰኞም ይሁን።" ሮዝ ጫማውን አየ፣ እኔን አየ። "ማሪቱ፣ እኔ ተበትኛለሁ። የተበተነ ምንም እንደማይሠራ አንቺው ታውቂያለሽ። አልተኛሁም፣ ያስተማርኩትን አላውቀውም። ሕጉ መጀመሪያ ተሰብሰቡ ነው የሚለው። እንሰብሰብ።"

"በሁለት ጣት?" አልኩት።

"ሁለት ጣት ራሱ ይበዛል።"

እሺ አልኩ። ምን ያህል ቀስ ብዬ እንዳልኩት አላውቅም፤ ከጓዳ "አልሰማሁም፣ ጮክ በሉ!" የሚል ድምፅ መጣ።

"እሺ አለች፣ እማማ!" ብሎ ጮኸ።

እልልታዋን ሊቤና እናቷ ሰምተው እየሮጡ መጡ፤ የታሰረ ልጅ የተፈታ መስሏቸው ነበር። ደስታችንን ስንነግራቸው አቀፉን። የሊቤ እናት ግን "እነዚያንም ያስፈታልን" አለች፤ ሁላችንም አሜን አልን።

ጥር 4፣ ረቡዕ

ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ብሎ ሬዲዮ ተናገረ። ኦቦ መገርሳን "ታፔላውን ይነቅሉታል?" ብዬ ስጠይቃቸው "ይቆይ" አሉ። "ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ።" ከዚያ በጎን አይተውኝ "አንቺስ?" አሉኝ። ወሬ በዚህ ከተማ ከታክሲ ይፈጥናል። ስልኩም ተመልሷል፤ ትናንት ብቻ ስንት ጊዜ ደወለ። ለጨዋታ አይደለም።

ጥር 15፣ እሑድ

ሽማግሌ ገባ። አራት ናቸው፤ መሪያቸው ኦቦ መገርሳ!

"ኦቦ፣ እርስዎ የኛ ወገን አልነበሩም እንዴ?" አለቻቸው እማዬ። "ገናን ከሴትዮዋ ግንባር ላይ ያበላኋችሁ ለዚህ ነው?"

"አዴ ጠጅቱ፣ ሁለት ሆነው ከተለያዩ አንዳቸው ሰነፍ ነው ብዬ ነበር። ሁለቱም ጎበዞች ሆነው ተገኙ። የምንለምነው ለዚህ ነው።"

ወጉ እንዲህ ነው፤ የሴት ወገን ይኮራል፣ እንምከርበት ይላል፣ ሽማግሌው ሄዶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። አንደኛው ሽማግሌም ይህን አውቀው "እንግዲህ መልሱን በሌላ ቀን..." ብለው ተነሱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ቀስ ይሻላል አሉ። ሁሉም ተከትለው ወደ በሩ ሄዱ።

በር ላይ ጫማ የለም። የአራቱም።

ኦቦ መገርሳ በካልሲ ቆመው ደፉን አዩ፣ ጓሮውን አዩ፣ ከዚያ እማዬን አዩ። እማዬ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አለች። "ቀኑን ሳትቆርጡ ግን የት ትሄዳላችሁ? ነገ መንገድ ቢዘጋስ? ስልክ ቢጠፋስ? ደግሞ ልትላለፉ ነው?"

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ተቀመጡ። በፀጉር ቤቱ ታፔላ ዙሪያ ነው የተቀመጡት፤ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ሱቋን ገና አልከፈተችም፣ ጠረጴዛውን ደግሞ እማዬ አይነካም ብላለች፣ እያሸነፈች ስለሆነ። ከዐቢይ ጾም በፊት፣ የካቲት 13 ተቆረጠ። እሑድ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ጫማው የወጣው ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ ነው፤ ኦቦ መገርሳ በነጭ ጫማ ወደ ገፈርሳ ሄዱ።

ሕጉንም ዛሬ በስልክ ተስማምተን ወረቀቱ ግርጌ ጻፍኩት። ከአንድ ጓድ ሁለት ብቻ ሲቀሩ ሁለቱም ይነሱ። በየት በኩል እንደሚመጡ አስቀድመው ይነጋገሩ። መነጋገር ካልቻሉ የአንደኛውን ጫማ ሰው ይደብቅበት።

ጠላቴ በሚመጣው እሑድ ይመጣል። ድልድዩን ግን አልለቅለትም።